የጨው ክትር እንጂ የብስክሌት መንገድ አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ «ለአይጥ ብለው መንገዳችንን ሊቆርጡብን ነው» የሚል ደብዳቤ አነበብኩ። ጸሐፊው በሳን ሆዜ ጫፍ፣ በአልቪሶ የጨው ኩሬዎች ዙሪያ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዱ ወንድማችን ናቸው። ረግረጉ እንዲመለስ ክትሩ ለባሕሩ ሲከፈት፣ ዘጠኝ ማይል ያህል የሚሆነው ዙሪያ ወደፊት ሊበጠስ መሆኑ አናዷቸዋል። እኔም በዚያው መንገድ የምነዳ ሴት ነኝ። ንዴታቸው ይገባኛል፤ ፍርዳቸውን ግን አልቀበልም።

ቦታውን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። አልቪሶ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ጫፍ ያለች የቀድሞ ወደብ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ከሳን ሆዜ ጋር ተቀላቀለች። ከጀልባ ማቆሚያው መናፈሻ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚዘረጋው መንገድ ግራና ቀኙ ውሃ የሆነ የአፈር ክትር ነው። ላዩ ጠጠር፣ ሥሩ የባሕር ጭቃ። አስፋልት የለም፣ ዛፍ የለም፣ የሚጠጣ ውሃ የለም። ክልሉ የዶን ኤድዋርድስ ሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ይባላል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1972 እንዲቋቋም ሲወስን ከተሟገቱለት አንዱ የሳን ሆዜው ተወካይ ዶን ኤድዋርድስ ነበሩ፤ በ1995 ስማቸው ተሰጠው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ወንድማችን «መንገዳችን» ይላሉ። ይህ ክትር ለብስክሌትም ለእግረኛም ተብሎ አልተሠራም፤ የተሠራው ለጨው ነው። በዚህ ባሕረ ሰላጤ ጨው ለገበያ ማምረት የተጀመረው በ1854 ነው። አሠራሩን የአፍዴራን ጨው ላየ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ውሃውን በክትር አጥሮ ከኩሬ ወደ ኩሬ እያሳለፉ ለፀሐይና ለነፋስ መተው ነው። ከባሕር የገባው ውሃ ጨው ሆኖ እስኪዛቅ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ጨዋማነቱ በጨመረ ቁጥር ጨው የሚስማማቸው ደቃቅ ፍጥረታት ይረቡና ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይዞራል። ሳን ሆዜ ለማረፍ ዝቅ ካለ አውሮፕላን መስኮት ሮዝና ዝገት የመሰለ ሜዳ አይተው የተደነቁ ካሉ፣ ያዩት ይኸንኑ ነው።

ያ ሁሉ ክትር ሲገነባ ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ እየጎደለ ያጠጣው የነበረው ረግረግ አብዛኛው ጠፋ። በ2003 የፌዴራልና የክልል መንግሥታት ከበጎ አድራጊ ድርጅቶች ጋር ሆነው ከካርጊል ኩባንያ 16 ሺህ 500 ኤከር የጨው ኩሬ በ100 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ከዚያ ውስጥ 15 ሺህ 100 ኤከሩ እዚህ ደቡብ ላይ ያለው ነው። ግዢው ረግረጉን ለመመለስ መሆኑ ከመጀመሪያውም ተነግሯል። እኛ ጎማችንን የምናንከባልለው ጨው ሠሪዎች ትተውት በሄዱት አጥር ላይ ነው። አጥሩ ሲከፈት «መንገዴ ተወሰደ» ማለት በሰው ግቢ አቋራጭ ሲሄድ የኖረ ሰው ባለቤቱን እንደመክሰስ ይሆናል።

አይጧን በተመለከተ። አዎ፣ አይጥ አለች፤ የአውራ ጣት ያህል የምትሆን፣ ጨዋማ ውሃ ጠጥታ የምትኖር፣ ከዚህ ባሕረ ሰላጤ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ ፍጥረት። በ1970 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግባለች። ለእርሷ ብቻ ቢደረግም ቅር አይለኝም ነበር። ነገር ግን የክትሩ መከፈት ዋና ተጠቃሚ እኛ ሰዎች ነን፤ ደብዳቤው ይህን ጨርሶ አላነሳም።

አልቪሶ ከባሕር ወለል በታች ናት። እንዲህ የተፈጠረች እንዳይመስላችሁ። የዚህ ሸለቆ የፍራፍሬ እርሻዎችና ከተሞች የከርሰ ምድሩን ውሃ ለአሥርት ዓመታት ሲስቡት መሬቱ ቀስ በቀስ ሰመጠ። በ1983 ከተማዋን ጎርፍ ዋጣት። ከዙሪያው ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ቆም ብሎ ወንዙን ተሻግሮ የሚያይ ሰው ድሮብሪጅ የሚባለውን ወና መንደር ፍራሽ ያገኛል፤ በባቡር ብቻ ይደረስበት የነበረ የአዳኞች መንደር ነው። የመጨረሻው ነዋሪ በ1979 ወጣ፤ ቤቶቹ ዛሬ ግድግዳቸውን ይዘው ጭቃው ውስጥ እየሰመጡ ነው፤ ባቡሩ ግን በመሃላቸው ማለፉን አልተወም።

አሁን የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ከአካባቢው የውሃ ባለሥልጣን ቫሊ ዋተርና ከካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ተቋም ጋር የያዘው ሥራ አራት ማይል ያህል አዲስ ከፍ ያለ ክትር ከከተማዋ ወገን መገንባትና 2 ሺህ 900 ኤከር ኩሬ በየተራ ለባሕሩ መክፈት ነው። ከሚከፈቱት ውስጥ ኤ9 እስከ ኤ15 የሚባሉት ይገኙበታል፤ ወንድማችንም እኔም የምንዞራቸው እነዚያን ነው። ረግረግ ከፊቱ የተኛለት ክትርና ሞገድ በቀጥታ የሚመታው ክትር ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ቄጠማው የሞገዱን ጉልበት ሰብሮ ያደክመዋል። ከክትሩ ኋላ ያለው ደግሞ የአልቪሶ ሰው ቤት ብቻ አይደለም፤ ከ1 ነጥብ 4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ፍሳሹን የሚልክበት የሳን ሆዜና የሳንታ ክላራ ማጣሪያ ጣቢያም እዚያው ነው። እርሱን ባሕር ቢገባበት በሸለቆው ውስጥ ያለን ሁሉ መታጠቢያ ቤታችን ሆነን ነው ወሬውን የምንሰማው።

«ዝም ብለው ያፈርሱታል» የሚለውም ትክክል አይደለም። በጉዋዳሉፔ ወንዝ ተፋሰስ ላይ የኒው አልማደን የሜርኩሪ ማዕድን ነበር፤ ከዚያ የወረደው ሜርኩሪ እስከ ዛሬ በአልቪሶ ጭቃ ውስጥ አለ። (መንገድ ዳር ዓሣ የምታጠምዱ ካላችሁ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ።) በዚህ ምክንያት ኤ8 የሚባለውን ኩሬ በአንድ ጊዜ አላፈረሱትም፤ ከ2011 ጀምሮ በበር እያስገቡ፣ ዓሣውንና የወፍ እንቁላሉን እየመረመሩ ነው የሄዱት። በ2010 መጨረሻ የተከፈተውን ኤ6 ከዙሪያው ምዕራባዊ ክንፍ ላይ ሆኖ ማዶ ማየት ይቻላል። ባሕሩ ራሱ ደለል አምጥቶ ሞላው፤ ደለሉ ላይ ጨው የማይፈራ አጭር ተክል በቀለ፤ በመከር ወራት ያ ተክል ቀልቶ ያምራል።

በመራቢያ ወራት መንገዱ በከፊል ስለሚዘጋበት ነገርም ወንድማችን ምሬታቸውን ጽፈዋል። አንድ ነገር ቀርበው እንዲያዩ እጋብዛቸዋለሁ። አቮሴት የምትባለው መንቁሯ ወደ ላይ የተቆለመመ ረጅም እግር ወፍ ጎጆ አትሠራም፤ ባዶ መሬት ጫር ጫር አድርጋ ትጥላለች። እንቁላሉ ጭቃ መስሎ ጠጠር መስሎ አጠገቡ ቆሞ እንኳን አይታይም። ብስክሌት ሲቃረብ እናቲቱ ትነሳና ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተጎተተች ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ዓይን ከእንቁላሉ ላይ እንዲነሳ ነው። ያየ ሰው ይስቃል። እርሷ ያንን ትርኢት ስታሳይ ግን እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ነው፤ ቁራም ከላይ ነው። በ1993 ስጋት ላይ ናት ተብላ የተመዘገበችው ትንሿ ስኖዊ ፕሎቨርም እንዲሁ ሦስት እንቁላሏን ደረቅ የጨው ኩሬ ወለል ላይ ነው የምትጥለው። አንድ ብስክሌተኛ አንዴ ቢያስነሳት ግድ የለም፤ በቅዳሜ ጠዋት ስንት ሰው እንደሚያልፍ ግን እኚህም ወንድም ያውቃሉ።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ብስክሌት የለመድኩት በሰዓት እየተከራየን እየተሻማን ነው። የጣና ዳር ደንገልና ፊላ እየታጨደ፣ እየታረሰ፣ ቤት እየተሠራበት ሲሸሽ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ከዚያም እንቦጭ መጣበት። ረግረግ ሲመለስ ያየሁት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ለጠጠር መንገድ ብዬ ፊቴን አላጠቁርም።

ቅሬታ የለኝም ግን አልልም። አዲሱ ክትር ላይ የእግርና የብስክሌት መንገድ ታቅዷል። እርሱን አስፋልት እንዳያለብሱት የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል። አስፋልት ከሆነ ያ በሠላሳ ሆኖ እየተንጫጫ የሚከንፈው ቡድን ይመጣና ልጅ ይዞ የወጣ ሰው ጥግ ጥግ መፈለግ ይጀምራል። ጠጠር ሁሉንም ያዘገያል። ሌላው ጥላ ነው፤ ሌሊቱን አዛውንት ስጠብቅ አድሬ ጠዋት የምወጣ ነኝና፣ ዘጠኝ ማይል ያለ አንድ ዳስ ለእኔ ዕድሜ ቀላል አይደለም። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ሕዝብ ሐሳብ እንዲሰጥ ስብሰባ ሲጠራ የእኛ ሰው አይታይም። ለጋዜጣ የተጻፈው ያ ሁሉ ንዴት ግማሹ እንኳን እዚያ ቢነገር ጆሮ ያገኝ ነበር። የውይይቱን ቀን ጋዜጣችሁ እየተከታተለ ቢያወጣልን ለብዙዎቻችን ትልቅ ውለታ ነው።

እስከዚያው መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ፤ በተለይ እህቶቼ፣ «በዚህ ዕድሜ ብስክሌት» የሚለውን ወሬ ትታችሁ። ቀጭን የአስፋልት ጎማ አይሆንም፤ አርባ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ነፋሱ ትንሽ የተቀነሰለት ጎማ ይሻላል። ዝናብ በዘነበ ማግስት አትውጡ፤ ጭቃው ፍሬኑ ላይ ተለጥፎ መንኮራኩሩን ያስረዋል። አገር ቤት የምናውቀው ኩርንችት ራሱ ከእኛ በፊት ካሊፎርኒያ ገብቶ መንገዱ ዳር ይጠብቃችኋል፤ ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕሩ ስለሚመጣ ወደ ሰሜን ስትወጡ ደረት ይመታል፤ ስትመለሱ ግን ይገፋችኋል። ቤት ስትደርሱ ካቴናውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ዘይት ቀቡት፤ የዚያ አገር አቧራ ጨው ነው፣ በሳምንት ውስጥ ያዝገዋል።

ከአክብሮት ጋር
የባሕር ዳሯ ልጅ፣ ከሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ