«ቀለም አስቀቡ» ከማለታችሁ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤት ለሽያጭ ስለማዘጋጀት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደህና ነገር ነው። ግን የመጀመሪያው ምክር «ግድግዳውን አዲስ ቀለም ያስቀቡ» የሚል ሆኖ ሳገኘው ማለፍ አቃተኝ። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ምክሩ ለኪሴ ጥሩ ነው፤ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ሆኖም ቤቱን ሊሸጥ የተነሳ ሰው ከደላላው ቀጥሎ የሚደውለው ለእኛ ስለሆነ ከቀለም ስር ምን ምን እንደሚቀበር እናውቃለን። ቀለም መጀመሪያ አይደለም። መጨረሻ ነው። ሙግቴ ይኸው ነው።

ቀለም ምንም አይጠግንም። ሁለት እጅ ተቀብቶ ሲደርቅ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ቢደርስ ነው። ይህች ስስ ነገር ውሃ ታቆማለች ብሎ የሚያስብ አለ እንዴ? አለ። ብዙ ነው።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ጠራኝ። ቤቱ የሚታይበት ቀን ተቆርጧል፣ እሱም ጥድፊያ ላይ ነው። መኝታ ቤት ገብተን ቁም ሳጥኑን ሳብ ስናደርገው ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሯል። ቀለሙ ተነፋፍቷል። በመቧጠጫዬ ጫፍ ነካ ሳደርገው እብጠቱ ፈረጠ፣ ነጭ ዱቄት ረገፈ፣ ልስኑም እንደ እርጥብ አሸዋ ተከትሎት ወረደ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ገዢው እስኪፈርም ብቻ ይቆይልኝ» አለኝ። በቃ። ይህንን ቃል በአንድ ወይም በሌላ መልክ ያልሰማ ቀለም ቀቢ ያለ አይመስለኝም። ሥራውን አልያዝኩትም፤ ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል።

ያ ነጭ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ በጡቡና በልስኑ ውስጥ ሲያልፍ እዚያ ያለውን ጨው ያሟሟና ይዞት ይወጣል። ፊት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን የትም አይሄድም። ከቀለሙ ጀርባ ይከማችና ገፍቶ ያነሳዋል። ስለዚህ የፈለገውን ያህል ውድ ቀለም ብትቀቡበት ትንሽ ጊዜ ይገዛላችሁ እንደሆነ እንጂ ነገሩ ተመልሶ ይመጣል፤ የሚመጣውም አዲሱ ባለቤት ገብቶ ዕቃውን ደርድሮ ከጨረሰ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ታዲያ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው የሚለው ነው። ከመሬት የሚሳብ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙ አይዘልም። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ከተሳለ፣ ጣራውን፣ አሸንዳውንና በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን ቧንቧ ጠርጥሩ። አንዳንዴ ደግሞ ውሃው ከውጭ ሳይሆን ከቤቱ አየር ነው፤ በተለይ መስኮት የማይከፈትበት ክፍል ከሆነ። ይህንን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉና አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ላቡ ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ ማለትም በግድግዳው በኩል ከወጣ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ከወጣ ከአየሩ ነው። የመጀመሪያው ቧንቧ ሠራተኛ ወይም ግንበኛ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ መስኮት መክፈትና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ ትንሽ ማራቅ ብቻ። ልዩነቱን ሳያውቁ ቀለም መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ሻጋታውን በበረኪና እናጠፋዋለን የሚሉም አሉ። መልኩ ይነጣል፣ አዎ። እርጥበቱ እስካለ ግን እንደገና ይበቅላል። ደግሞ እባካችሁ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ካለበት ማጽጃ ጋር አትደባልቁ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣና ሳንባ ያቃጥላል። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለ ውሃ ከተነሳ አይቀር፣ ቤቱን ከማሳየታችሁ በፊት ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን አንብቡ። ለአንድ ሁለት ሰዓት ማንም ውሃ አይንካ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ የሚያፈስ አለ ማለት ነው። የሽንት ቤቱ ገንዳም እንዲሁ ሳይታይ ሊያፈስ ይችላል። ውሃ ላይ ቶሎ የሚታይ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉበትና ሩብ ሰዓት ያህል ሳትለቁት ጠብቁ፤ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ የገንዳው ጎማ አልቋል፣ ለመቀየር ደግሞ ቀላል ነው። ማንም የማይጠቀምበት ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት ካላችሁ ወለሉ ላይ ያለውን ፍሳሽ አስታውሱ። ከስሩ ያለው ሲፎን ውሃ ይዞ የፍሳሹን ሽታ የሚያግድ ነው፤ ሳይነካ ከቆየ ውሃው ይተንና ሽታው በቀጥታ ወደ ቤት ይገባል። አንድ ባልዲ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ይበቃዋል። ሰው ግን ይህንን ሳያውቅ ሽቶ ይነፋበታል።

ሽታ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ሻጩ ራሱ ሊያውቀው የማይችለው ነገር እሱ ነው። አፍንጫችን ሁልጊዜ ያለበትን ሽታ ቶሎ ይለምደውና መስማት ያቆማል። የቤታችሁ ሽታ ለእናንተ የለም። ለገዢው ግን ከበር ጀምሮ አለ። ስለዚህ ቤታችሁ የማይገባ፣ ደግሞ የማያፍር ሰው ጥሩና «ምን ምን ይሸታል?» ብላችሁ ጠይቁት። ይሉኝታ የሚያጠቃው ዘመድ አይሆንም። የጠነከረ ሽቶ የነፋችሁ እንደሆነ ደግሞ ልምድ ያለው ገዢ ወዲያው «ምን እየደበቁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም እንደዚያ ያለ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ጥግ ጥጉን መዳሰስ ነው።

ስንጥቅም እንዲሁ ነው። ፀጉር የምታህል፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ ተሰብስቦ የፈጠራት ናት። ተጠርጋ በስቱኮ ትሞላለች። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ወደ ጎን እያጋደለ የሚሄድ፣ ጡቡን ተከትሎ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ስንጥቅ ግን የቀለም ቀቢ ጉዳይ አይደለም፤ መሐንዲስ ይየው። እየሰፋ ይሁን አይሁን ካላወቃችሁ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ መልሱን አገኛችሁ። ይህንን ለመሸጥ ስትነሱ ሳይሆን ለመሸጥ ስታስቡ ጀምሩት፤ ጊዜ ይፈልጋላ።

ቤቱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ የድሮውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል። አሜሪካ እንኳ በመኖሪያ ቤት ቀለም ላይ የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። አቧራው በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የሌለው ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። መፈተግ የግድ ከሆነ ግድግዳውን እያራሳችሁ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ ልጆቹን ከቤት አውጥታችሁ ይሁን።

እሺ፣ ውሃው ቆመ፣ ስንጥቁ ተደፈነ እንበል። አሁን ቀለም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ካለ ቀለም ከመንካቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል ይድረቅ። «ነገ ይቀባልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ የምንጣላው እዚህ ላይ ነው። በውሃ የሚበጠበጠው የግድግዳ ቀለም በሰዓታት ውስጥ ለእጅ ይደርቃል፣ ሙሉ በሙሉ ጠንክሮ ለመታጠብ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ሌሊት ቀብቶ ጠዋት ገዢ ማስገባት ቀለም ቀለም የሚሸት ቤት ማሳየት ነው፤ ያ ደግሞ ምን አለፋችሁ፣ «ትናንት ሸፋፈንነው» ብሎ እንደ መናገር ነው። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ነጭ ወይም ወደ ክሬም የሚያደላ ይሁን። ኮርኒሱና ወጣ ገባ ያለው ግድግዳ ላይ የማያብለጨልጭ ቀለም ተጠቀሙ፤ የሚያብለጨልጭ ቀለም ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት የልስኑን እብጠት አንድ በአንድ ያጋልጣል።

ስለ ዕቃ ማሸግ ጽሑፋችሁ በደንብ አስረድቷል፣ አልደግመውም። መቼም መልቀቃችሁ አይቀርም፣ ግማሹን አሁኑኑ ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ሰነድ፣ መድኃኒትና ውድ ዕቃ ግን ቆልፉ፤ ገዢ ነኝ ብሎ የሚገባው ሁሉ ገዢ አይደለም። አምፖሎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሳሎኑ ቢጫ መተላለፊያው ሰማያዊ ሲሆን ቤቱ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ይመስላል። ለመኖሪያ ክፍል 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ) የሚል የተጻፈበት አምፖል ይስማማል። ፎቶ ስታነሱ በቀን፣ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ካሜራው ደረት ላይ ሆኖ ይሁን። ክፍሉን ለጥጦ በሚያሳይ ሌንስ አታንሱ። ሰውዬው መጥቶ ግማሽ ሆኖ ሲያገኘው የሚናደደው በእናንተ ነው።

አንድ ነገር ግን ከጽሑፋችሁ ጋር አልስማማም። ኩሽናውን አፍርሶ አዲስ መሥራት ዋጋ ይጨምራል ብላችኋል። ይጨምራል፤ የወጣበትን ያህል ግን ብዙ ጊዜ አይመልስም። ገዢው የራሱ ምርጫ አለው። እናንተ ያስገባችሁትን ካቢኔ በስድስት ወሩ ሊነቅለው ይችላል። የላላ ማጠፊያ አጥብቁ፣ የጠቆረውን የመታጠቢያ ገንዳ ሲሊኮን ቆርጣችሁ አዲስ ሙሉ፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አሠሩ። የተቃጠለ ምልክት ያለበት ሶኬት ካለ ክዳኑን ብቻ አትቀይሩ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ውስጡን ይየው። እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው ገዢ እጁን ሰዶ የሚነካቸው።

ያልጠገናችሁትን ደግሞ ንገሩ። ይህንን ስል «አንተ የዋህ ነህ» የሚለኝ ሞልቷል። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ ነገር ጽፎበታል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሐሳቡ ሲቀል እንዲህ ነው፦ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደህናውን ከብልሹው መለየት ስለማይችል ለሁሉም ዝቅ አድርጎ ይከፍላል። ተጎጂው መጨረሻ ላይ ደህና ዕቃ የያዘው ሻጭ ነው። ቤት ላይ በዓይኔ የማየው ይኼው ነው። ገዢ ቁም ሳጥን ጀርባ ተቀባብቶ ያገኘ ዕለት ያላየውን ሁሉ ይጠረጥራል፤ ደህናውን ጣራ ጨምሮ። በተቃራኒው ግን «እዚህ ጋ ቧንቧ ፈንድቶ ነበር፣ በዚህ ቀን ተሠራ፣ ደረሰኙ ይኸው» የሚል ሻጭ ፊት ገዢው ለመከራከር እንኳ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የጥገና ደረሰኞችን፣ የዋስትና ወረቀቶችን፣ ቢገኝ ቀዳዳው ሳይደፈን የተነሳውን ፎቶ አንድ ማኅደር ውስጥ አስቀምጡ። አስቀያሚ ፎቶ ነው፣ አውቃለሁ። ከሳሎኑ ፎቶ ይልቅ እሱ ነው የሚሸጥላችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ገዢ ዝናብ እየዘነበ ልምጣ ካለ እሺ በሉት። ውሃው በትክክል ከቆመ እንዲያውም ቀጠሮውን እናንተው ዝናብ ያለበት ቀን ላይ አድርጉት፣ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ይየው፣ ግድግዳውንም ይዳስስ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ ቀለም ቀቢ