እማዬ፣ ስለ መርፌው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በስልክ «ምንም ሳያመኝ ለምን በየወሩ እወጋለሁ? ሲብስ ያኔ ይታያል» አልሽኝ። ነገሩ በጥድፊያ የሚወራ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ያለብሽ ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ፣ ማለትም ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሳው የካንሰር ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ያንቺም ከትንሹ አንጀት ተነስቶ ጉበትሽ ላይ እስኪደርስ ድምፁን አላሰማም። ስለዚህ ሕመም እስኪመጣ እንጠብቅ ማለት ያስፈራኛል። ሲያምሽ እኮ ቦታ ይዟል ማለት ነው።

መርፌው ኬሞ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ሶማቶስታቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ አንዱ ሥራው ሌሎች ሆርሞኖችን መግታት ነው። መርፌሽ ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ ላንሬኦታይድ፣ እሱን አስመስሎ የተሠራ ነው። ዕጢው ላይ ያሉት የዚህ ሆርሞን መቀበያዎች ላይ ይጣበቅና እድገቱን ያዘገያል። ያንቺ ዕጢ መቀበያዎቹ እንዳሉት ደግሞ በምስሉ ታይቷል።

ክላሪኔት የሚባል ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ። 204 ሰዎች ነበሩበት። የአብዛኞቹ ዕጢ ከጥናቱ በፊት በነበሩት ወራት አላደገም ነበር፤ ማለትም ልክ እንዳንቺ «ደህና ነኝ» ሊሉ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ላንሬኦታይድ ከወሰዱት 65 በመቶ ያህሉ በሽታው ሳይገፋባቸው ቆዩ። መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት ግን 33 በመቶ ብቻ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዕጢውን አያጠፋውም። ጥናቱም ዕድሜ እንደሚጨምር አላረጋገጠም። ባለበት እንዲቆይ መግታቱ ግን ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዕጢው ትንሽ ሲሆን «እየተከታተልን እንቆይ» የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ለአንዳንዱ ሰው ትክክል ነው። ያንቺ ግን ጉበትሽ ላይ ሰፋ ብሏል፣ እማ።

መርፌው ወፈር ይላል፤ አልዋሽሽም። መቀመጫሽ ላይ ጠለቅ ተደርጎ በየ28 ቀኑ ይሰጣል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ከፍሪጅ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውጣት አለበት፤ ነርሷ እንዳትረሳ አስታውሻት። የተወጋሽበት ቦታ ትንሽ ሊያብጥ ይችላል። ተቅማጥና የሆድ መንፋትም ሊኖር ይችላል፤ ለብዙዎች እያደር ይቀላል። የሐሞት ጠጠርና የደም ስኳርን ግን ሐኪሙ ይከታተልልሽ።

ፊትሽ በድንገት እየቀላ የሚያቃጥልሽ ከሆነ ወይም ተቅማጡ ከጠናብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ቶሎ ንገሪያቸው።

ሐኪሙ ጋ ስትገቢ ደውይልኝና ስልኩን ላውድ ላይ አድርጊው። ኬአይ-67 የሚባለው፣ የዕጢው ሕዋሳት በምን ፍጥነት እንደሚባዙ የሚያሳየው ቁጥር ስንት እንደሆነና ቀጣዩ ምስል መቼ እንደሚነሳ እኔው እጠይቀዋለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ