ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራችው የጦር መርከብ፦ የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ርዕስ ይዞ ቆየ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ብረት ለበስ የጦር መርከቦች። ርዕሱን የመረጡት ልጆቹ ናቸው። ይከብዳቸዋል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ አልከበዳቸውም። በ23 አባላት ጀምረን በ19 ጨርሰናል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጀመርነው ከሽንፈት ነው። ጁላይ 20 ቀን 1866 አድሪያቲክ ባሕር ላይ፣ ሊሳ ደሴት አጠገብ፣ የጣሊያንና የኦስትሪያ መርከቦች ገጠሙ። ጣሊያን 12 ብረት ለበስ መርከቦች ነበሯት፤ ኦስትሪያ 7። ግን የጣሊያኑ አዛዥ አድሚራል ፔርሳኖ ውጊያው ሊጀመር ሲል ሬ ዲታሊያ ከተባለችው መርከቡ ወርዶ አፎንዳቶሬ ወደተባለችው ተዛወረ። ብዙዎቹ ካፒቴኖች ይህን አላወቁም። ትእዛዝ የሚጠብቁት ከቀድሞዋ መርከብ ነበር። ሬ ዲታሊያ አቅጣጫ የምትቀይርበት መሪዋ ተመትቶ ቆመች። የኦስትሪያው አዛዥ ቴጌቶፍ የተሳፈረባት መርከብ በአፍንጫዋ ጎኗን ወጋቻት። በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች፤ ወደ 400 ሰው አለቀ። ጽሑፉን ያቀረበችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ አንብባ ስትጨርስ ክፍሉ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ጣሊያኖች ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? ቤኔዴቶ ብሪን የተባለው መሐንዲስ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የነደፋት ዱይሊዮ የተባለች መርከብ በ1876 ካስቴላማሬ በተባለችው የጣሊያን ከተማ ባሕር ገባች። አራት መድፎች፣ እያንዳንዳቸው 100 ቶን ገደማ፤ የአፋቸው ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር። ቁጥሩ ብቻውን ለልጅ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ከካርቶን የዚያኑ ያህል ቀለበት ቆረጥን። ከክበቡ በዕድሜ ትንሹ ልጅ ጭንቅላቱንም ትከሻውንም ይዞ ሾልኮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ መድፉ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

መድፉን ለማጉረስ ግን 15 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ቢበዛ ሦስት ጥይት ማለት ነው። የመርከቧ የብረት ልብስ ደግሞ 55 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚያው በ1876 ላ ስፔዚያ በተባለችው የጣሊያን ወደብ አጠገብ በተደረገ ሙከራ ተራው ብረት በ100 ቶኑ መድፍ ሲበሳ፣ ከፈረንሳይ የመጣው የአረብ ብረት ሰሌዳ ቢሰነጠቅም ጥይቱን አስቁሞታል። ለዱይሊዮ የተመረጠው እሱ ነው።

እኔን በጣም ያስደሰተኝ ግን ኢታሊያ የተባለችው መርከብ ጉዳይ ነው። ብሪን እዚህ ላይ ሐሳቡን ገለበጠ። በጎን የሚለበሰውን ወፍራም ብረት ጨርሶ ተወው። በምትኩ ከውኃው ወለል በታች የብረት ወለል ዘረጋ፤ ከሱ በላይ ደግሞ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች ሠራ። አንዱ ቢበሳ ሌላው ውኃ እንዳይገባው። በተረፈው ክብደት ፍጥነት ገዛ፤ ወደ 18 ኖት (በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ)።

ልጆቹ አላመኑም። «ያለ ጋሻ እንዴት?» አሉ። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠን ሁለት ጀልባ ሠራን። አንደኛዋን ጎንና ጎኗን ብረት ለጠፍንባት። ሁለተኛዋን ክዳናቸው በተዘጋ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጦች ሞላናት። ሳፋ ውስጥ አንሳፈፍናቸው። ሁለቱንም ብረቱ ካለበት ዝቅ ብሎ በሚስማር በሳናቸው። ባለብረቷ ቀስ እያለች ሰጠመች። ባለብልቃጧ ዘመም አለች፣ ውኃ ጠጣች፣ ግን አልሰጠመችም። የነበረውን ጩኸት ጎረቤት ክፍል ያሉ መምህራን ያስታውሱታል፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። አንዲት ልጅ ቆይቶ የመጡትን ፈጣን ተኳሽ መድፎች አነሳች። በደቂቃ ብዙ ፈንጂ ጥይት የሚተፉ ከሆነ ያንን ያልታጠረ ጎን አንድ በአንድ ይበሳሱታል አለች። ልክ ናት። የባሕር ኃይል ባለሙያዎችም ብሪንን የተቹት በዚሁ ነው። ኢታሊያ ከሌላ የመርከቦች ጦር ጋር ገጥማ ስለማታውቅ ነገሩ በውጊያ አልተፈተነም። ድምፅ ሰጠን፤ 11 ለብሪን፣ 8 በተቃራኒው።

ግድግዳው ላይ የሰቀልነው የዘመን መስመር አሁንም አለ። ኢታሊያ ሥራ የጀመረችው በ1885 ነው። አንድ ዝምተኛ የ8ኛ ክፍል ልጅ ከጎኑ በእርሳስ «ጣሊያን ምጽዋን የያዘበት ዓመት» ብሎ ጽፏል። ማንም አላዘዘውም። የመጪው ዓመት ሥራችን ከዚያች ጽሑፍ ይጀምራል።