ስለ «ሲቪላይዜሽን 7» ተጫዋቾች ቅሬታ፦ በአክሱም ጀምሮ በአክሱም መጨረስ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ አንድን ሕዝብ በታሪክ ዘመናት ውስጥ ስለሚመሩበት የቪዲዮ ጌም ስለ «ሲቪላይዜሽን 7» የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የቪዲዮ ጌምን እንደ ልጆች ጊዜ ማጥፊያ ብቻ ሳይቆጥር ይህን ያህል ቦታ የሰጠ ጋዜጣ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የተጫዋቾችን ቅሬታ ከለመዱት ነገር መላቀቅ ካቃታቸው ሰዎች የመጣ አድርጎ ማቅረቡ፣ ኢትዮጵያም እንደ ቀደሙት ክፍሎች ሁሉ በዚህኛውም ትገኛለች ብሎ ማለፉ ትክክል ስላልመሰለኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ሙያዬ የታሪክ መምህርነት ነው፤ በተከታታይ ክፍሎች የሚወጣውን ይህን ጌም ደግሞ አምስተኛው ክፍሉ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ስጫወተው ቆይቻለሁ።

ሰባተኛው ክፍል ለገበያ የቀረበው የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ነው። የሙያ ገምጋሚዎች የሰጡት ነጥብ በአማካይ ከ100 ወደ 80 የተጠጋ ነበር፤ ይህም ለሌላ ጌም የሚያኮራ ውጤት ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ስድስተኛው ክፍል ወደ 90 ተጠግቶ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ግልጽ ቅናሽ ነው። ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ተጫዋቾች ፍርድ ግን ከዚህ እጅግ የከበደ ሆነ። የኮምፒውተር ጌሞች በሚሸጡበትና ገዢዎች አስተያየት በሚሰጡበት ስቲም ላይ ጌሙ አስቀድመው ለገዙ ሰዎች በተከፈተባቸው የመጀመሪያ ቀናት «በአብዛኛው አሉታዊ» የሚል ደረጃ ተሰጠው፤ በኋላም «የተደበላለቀ» ከሚለው ደረጃ መውጣት አልቻለም። በቀጣዮቹ ወራት በየዕለቱ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ክፍል የሚጫወተው ሰው አዲሱን ከሚጫወተው በልጦ ታየ። ጽሑፋችሁ የገምጋሚዎቹን ነጥብ በርዕሱ አስፍሮ ይህን የመሰለውን ልዩነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፉ አንባቢውን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። ገምጋሚ ጌሙን ከሌላው ሰው ቀድሞ ያገኝና በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጫውቶ ይጽፋል፤ ስለዚህም የከተሞቹን ውበት፣ ሠራዊትን በአንድ አዛዥ ሥር ሰብስቦ ማንቀሳቀስን፣ መርከብ የሚሄድባቸውን ወንዞችና የተሻሻለውን ዲፕሎማሲ አይቶ ያመሰግናል፤ ምስጋናውም ተገቢ ነው። ተጫዋቹ በበኩሉ ለአንድ ጌም 70 ዶላር ገደማ ከፍሎ መረጃ የሚደብቅ የስክሪን አቀማመጥ አጋጠመው፤ ከድል በኋላ ጨዋታውን የመቀጠል ምርጫ እንኳ ስላልነበረ በማሻሻያ እስኪጨመር መጠበቅ ግድ ሆነበት፤ ታላቋ ብሪታንያ ደግሞ በመጀመሪያው ጌም ውስጥ ሳትካተት ከአንድ ወር በኋላ በተጨማሪ ጥቅል ስትሸጥ ተመለከተ። እነዚህ ጉድለቶች ግን የሚታረሙ ናቸው፤ ጥቂቶቹም ታርመዋል። ቅሬታው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጽሑፋችሁ ጋር ብዙም አልለያይም ነበር።

ትልቁ ጉዳይ የዘመን ሽግግሩ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ የዚህ ጌም መሠረት አንድን ሕዝብ ከመጀመሪያዋ መንደር አንሥቶ እስከ ጠፈር ዘመን ድረስ መምራት ነበር። በሰባተኛው ክፍል ታሪክ በሦስት ተከፈለ፦ ጥንታዊው፣ የአሰሳውና ዘመናዊው ዘመን። ጌሙ ሲወጣ አንዱ ዘመን አልቆ ሌላው ሲተካ ተጫዋቹ የያዘውን ሥልጣኔ፣ ማለትም የሚመራውን ሕዝብ፣ ትቶ ሌላ እንዲመርጥ ይገደድ ነበር፤ አብሮት የሚቀጥለው መሪው ብቻ ነበር። መሪዎቹም ከሥልጣኔዎቹ ጋር የግድ የተሳሰሩ ስላልሆኑ አክሱምን አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ወይም የሮማው አውግስጦስ ሊገዛት ይችላል። ገንቢው ፊራክሲስ ለዚህ ያቀረበው ምክንያት የማይናቅ ነው። ብዙ ተጫዋቾች ጨዋታውን ጀምረው ሳይጨርሱት እንደሚተዉት አስተውሏል፤ መጀመሪያ ላይ የበለጠ ሰው እስከ መጨረሻው እየበለጠ መሄዱም ሁለተኛውን አጋማሽ አሰልቺ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ታሪክ አንዱ በሌላው ላይ የሚነጠፍ ንብርብር ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ እንደ መምህር ይህን ሐሳብ እቀበለዋለሁ።

የማልቀበለው አፈጻጸሙን ነው፤ ምክንያቴንም በራሳችን አክሱም ላስረዳ። አክሱም በጥንታዊው ዘመን ከሚመረጡት ሥልጣኔዎች አንዷ ስትሆን በሚገባት ክብር ቀርባለች፤ ሐውልቶቿ አሉ፣ የቀይ ባሕር ንግዷም አለ። ዘመኑ ሲያልቅ ግን የአክሱም ተጫዋች የሚሸጋገርበት የኢትዮጵያ ሥልጣኔ የለም። ጌሙ ሲወጣ በአሰሳው ዘመን የሚጠብቁት እንደ ምዕራብ አፍሪካው ሶንግሃይና እንደ ባግዳዶቹ አባሲዶች ያሉ ነበሩ፤ በዘመናዊው ዘመንም ከአፍሪካ የቀረበችው በዛሬዋ ኡጋንዳ የምትገኘው ቡጋንዳ ናት። ሁሉም ታላላቅ ሥልጣኔዎች መሆናቸውን ለተማሪዎቼ በደስታ አስተምራለሁ፤ ነገር ግን ሶንግሃይ የአክሱም ቀጣይ ንብርብር አይደለም። የአክሱም ቀጣይ ንብርብር ላሊበላ ነው፤ የግእዝ ፊደል ነው፤ ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተቀበለው ክርስትና ነው፤ ከዘመናት በኋላም ነገሥታት ለዘውድ የተመለሱባት የአክሱም ጽዮን ናት።

አንድ ሰው ተነሥቶ ሁሉም ሥልጣኔ እንዲህ ተቆርጧል ሊለኝ ይችላል። ነገር ግን ሁሉም አልተቆረጠም። ቻይናን የወደደ ተጫዋች ከሃን ወደ ሚንግ፣ ከሚንግ ወደ ቺንግ እየተሸጋገረ ጨዋታውን መፈጸም ይችላል። ለሕንድም ማውርያ፣ ቾላና ሙጋል በየዘመኑ ተሰልፈዋል። ስለዚህ ገንቢዎቹ የንብርብሩን ሐሳብ በትክክል መሥራት እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ የጎደለው በእኩል ማዳረሱ ነው። በአክሱም ወይም በመካከለኛው አሜሪካዋ ማያ የጀመረ ተጫዋች በራሱ ሠርቶ ያቆመው ነገር በሌላ ስም ሲጠራ እያየ ይቀጥላል። በተጫዋቾች ቅሬታ ውስጥ ጎልቶ የተሰማው ይህ ነው፤ ሥልጣኔያቸውን እያሳደጉ ሳይሆን ሦስት አጫጭር ጨዋታዎችን በተከታታይ እየተጫወቱ ያሉ ያህል እንደሚሰማቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ይህን ከልማድ አለመላቀቅ ማለት አግባብ አይመስለኝም።

ይህን ስል ከቀደሙት ክፍሎች ጋር ያለኝን ትዝታ መሸሸግ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለአምስተኛው ክፍል በወጣው ተጨማሪ ጥቅል ኢትዮጵያ በአፄ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ገባች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በአማርኛ ይናገሩ ነበር። በተማሪነቴ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ተጨናንቀን ያንን ድምፅ ስንሰማ የተሰማን ስሜት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ከዚያ በፊት በቋንቋችን የሚያናግረን ጌም አጋጥሞን አያውቅም ነበር። «የዓድዋ መንፈስ» የተባለው ልዩ ችሎታ በከተማ ብዛት ከሚበልጥ አገር ጋር ሲዋጉ ለሠራዊቱ ኃይል ይጨምራል፤ በከተማ ብዛት ያነሰ ሕዝብ ትልቁን ተቋቁሞ ሲያሸንፍ የሚያሳይ፣ በትክክል የታሰበ ሕግ ነበር። በስድስተኛው ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መጡ፤ በኮረብታ ላይ ለተቆረቆሩ ከተሞች ብልጫ ተሰጠ፤ ከአለት የሚፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም ተጨመሩ። በሁለቱም ክፍሎች ተጫዋቹ ዓድዋ ላይ የሚደርሰው በራሱ መንገድ ነበር፤ ከሐውልት የጀመረው አገር ስሙን ሳይለውጥ እዚያ ይደርስ ነበርና።

አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ተቃውሞ መነሣቱ እውነት ነው። አምስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ በአንድ ቦታ አንድ ጦር ብቻ ይቁም የሚለው ሕጉ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ በኋላ በወጡት ተጨማሪ ጥቅሎች ግን ተወዳጅ ሆነ። ጽሑፋችሁ ይህን ምሳሌ በማንሣት የአሁኑም ቁጣ እንዲሁ ይበርዳል ብሏል። ያኔ የተለወጠው የጦርነቱ ሥርዓት ነበር፤ ተጫዋቹ የሚመራው ሕዝብ ማንነት አልተነካም። ከዚህም በላይ ሥልጣኔን በየዘመኑ መቀየር አዲስ ሙከራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሌላ ጌም፣ «ሂውማንካይንድ»፣ ሞክሮት ተመሳሳይ ቅሬታ አስነሥቷል። ያም ሆኖ በዚያ ጌም አክሱማውያን ነበሩ፤ ኋላም በአፍሪካ ጥቅል ኢትዮጵያውያን ስለተጨመሩ በአክሱማውያን የጀመረ ተጫዋች በኋለኛው ዘመን ወደ ኢትዮጵያውያን መድረስ ይችል ነበር።

ፊራክሲስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አንድን ሥልጣኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘመን ይዞ መጫወት የሚቻልበትን መንገድ እየሠራ መሆኑን አስታውቋል። ኩባንያው የጌሙን ዋና ሐሳብ እንደገና ለማየት የተነሣው ተጫዋቾች በግልጽ ስለተናገሩና አማራጭ ሆነው በቀረቡት የቀድሞ ክፍሎች ላይ ስለቆዩ ነው። ለዚህ ውሳኔ ምክንያት የሆነውን ድምፅ እንደ ጩኸት ብቻ መቁጠር ለተጫዋቾቹም ለገንቢዎቹም ፍትሐዊ አይሆንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ኢትዮጵያ በጌሙ ውስጥ ትገኛለች የሚለው ዐረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም እንዲታረምና ጌሙ ሲወጣ የገባችው በጥንታዊው ዘመን የተወሰነችው አክሱም መሆኗ እንዲገለጽ። ሁለተኛ፣ ስለ ጌሙ ዳግመኛ የምትጽፉ ከሆነ በአክሱም ጀምረው የተጫወቱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን እንድታነጋግሩ፤ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ብቻ እንኳ ሐሳባቸውን በደስታ የሚነግሯችሁ ተማሪዎች አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ አዲስ አበባ