የአይ ሲ ቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ጌም ቤት ከፈቱ» ለምትሉን

በመምህራን ማረፊያ ስለ ክበባችን የሚወራው ለእኔም ይደርሰኛል። «የአይ ሲ ቲ ክበብ ዘንድሮ ጌም ቤት ከፈተ» ይባላል አሉ። እንግዲህ ከዚያው ልጀምር። አዎ፣ ዓመቱን የከረምነው በጌም ላይ ነው። ጌም ቤት ግን ሰው ከፍሎ ተጫውቶ የሚወጣበት ነው። የእኛ ልጆች ጨዋታው የሚያድርበትን ሰርቨር ራሳቸው ተክለው፣ ራሳቸው ጠግነው፣ ሲወድቅም ራሳቸው ያነሱት ናቸው። የተጫወቱበት ሰዓት ከሠሩበት ሰዓት ጋር ቢመዛዘን ወሬው ባልተወራ ነበር።

ነገሩ ለራቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ ገጸ ባሕርይ እየሆነ የሚጫወትበት ጌም ሁለት ወገን አለው። ተጫዋቹ ፊት ያለው ክላየንት ይባላል፤ ሥራው ሥዕሉን ማሳየትና የተነካውን ቁልፍ መላክ ነው። ዓለሙ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ማን የት ቆመ፣ ማን ስንት ወርቅ ያዘ፣ የትኛው አይጥ ሞተ የሚለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሰርቨሩን በእጃቸው ይይዛሉ። ሌላ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲያቆመው የግል ሰርቨር ይባላል። ነገሩ የትናንት አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ሥዕል የሌለውን፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሄደውን መድ የተባለ የጋራ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1978 ጀምረውታል። ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

ያልሰሙኝ አንዱ ልጅ የታወቀ የንግድ ጌም ሰርቨር ተዘጋጅቶ ያለቀ በፍላሽ ይዞ ስለመጣ ነው። ሁሉም እሱን ከበበ። እኔ አይሆንም አልኩ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ፓስዎርዱ ከውስጡ ተጽፎ የሚመጣ ፕሮግራም በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይጫንም፤ ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለ፤ በትምህርት ቤት ስም የሰው ንብረት ስንቀዳ ልንገኝ አንችልም። ለምሳሌ እንዲሆነኝ ኖስታልሪየስ የተባለውን ሰርቨር አነሣሁ። በጎ ፈቃደኞች የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን የጥንት መልክ መልሰው ያቆሙበት ነበር፤ የጌሙ ባለቤት ብሊዛርድ በሕግ ሲመጣባቸው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ዘጉት። አንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ ወዲያው፣ «ቲቸር፣ ኩባንያው ራሱ በፈረንጆቹ 2019 የድሮውን መልሶ አወጣው እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አውጥቶታል። ይሁንና ያወጣው ባለቤቱ ነው ብዬ ዘጋሁት። ክርክሩ ግን ደስ ብሎኛል፤ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ እንዲህ የሚከራከሩ አይመስለኝም።

የመረጥነው ስቴንድሃል የተባለውን ጌም ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ፈቃዱ ማንም እንዲያቆመውና እንዲቀይረው ይፈቅዳል። የተጻፈው ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሥዕሉ ከላይ የሚታይ ጠፍጣፋ ሥዕል ስለሆነ፣ ዊንዶውስ ከብዷቸው ሊኑክስ የጫንባቸው አሮጌ ኮምፒውተሮቻችን እንኳ ያለ ጭንቅ ይከፍቱታል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የቤተ ሙከራው ውስጥ ኔትወርክ ይበቃዋል። የእኛ ኢንተርኔት እንዴት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት ያየነው ፈተና ከጌሙ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ ኬብል ነበር። ልጆቹ ኬብል መቁረጥና ጫፉን በክሪምፐር መግጠም ተማሩ። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በተራቸው መደርደር ያስቸግራል፤ አንዱ ከተዛነፈ መስመሩ አይሠራም። ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የተዋሰነው ልጅ ዜማ አወጣለት፦ «ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ!» እስከ ዛሬ በኮሪደሩ ላይ ያንጎራጉሩታል።

ከዚያ ሰርቨሩ ተነሣ። የራሱን የማስተካከያ ፋይል ጽፎ፣ ሁሉ የሚመዘገብበትን ዳታቤዝ ከፍቶ፣ ፖርት 32160 በተባለው የመግቢያ በር ላይ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል። የሚገባ ግን ጠፋ። አንዱ ልጅ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ የሰርቨሩ አድራሻ ብሎ 127.0.0.1 ይጽፋል፤ ኢንተርኔት ላይ ያገኘው መመሪያ እንዲያ ይላላ! ያ አድራሻ «ራሴ» ማለት ነው፤ የልጁ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ከራሱ ሆድ ውስጥ ይፈልጋል። በእውነተኛው አድራሻ ሲሞክሩ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደው ፕሮግራም፣ ፋየርዎሉ፣ በር ዘጋ። እሱ ሲከፈት ሁሉም ገባ፣ ጭብጨባ ሆነ። በማግስቱ የሰርቨሩ ኮምፒውተር እንደገና ሲበራ፣ በኔትወርኩ ላይ አድራሻ የሚያድለው ራውተር ሌላ አድራሻ ሰጠው፤ እንደገና የሚገባ ጠፋ። ለሰርቨሩ የማይለወጥ አድራሻ የሰጡት በዚያን ቀን ነው። የአይ ፒ አድራሻን ከመጽሐፉ ካነበቡት ይልቅ በዚህ ያወቁት ይበልጣል፤ የፈተና ወረቀታቸውን ያረምኩት እኔ ነኝ።

የአንደኛው ሴሚስተር ስብሰባዎች እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመርጠዋል፤ የሚያዝ ገንዘብ ግን አልነበረም። ውጤቱ የቀነሰ ልጅ እስኪያስተካክል ሰርቨሩ ውስጥ እንዳይገባ ተወስኗል። አፈጻጸሙን የሆም ሩም መምህራን ይመሰክራሉ።

አንድ ያስቸገረን ነገር ሥልጣን ነው። ሰርቨሩ ላይ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው የፈለገበት ቦታ ይደርሳል፤ የፈለገውን አውሬም በአንድ ትእዛዝ ይጠራል። ሥልጣኑን ከሰጠናቸው አንዱ የ12ኛ ክፍል ልጅ፣ ትንንሾቹ ገና አይጥ በሚያሳድዱባት በሴሞስ ከተማ መሃል ዘንዶ ጠራባቸው። በዚህ ጌም የሞተ ሰው ከልምድ ነጥቡ ይቀነስበታል፤ ከያዘው ዕቃም ይጥላል። የ9ኛ ክፍል ልጆች ሲያለቅሱ አገኘኋቸው ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ፊታቸው ልክ አልነበረም። ማን እንዳደረገው የሚናገር ጠፋ። ሰርቨሩ ግን የተሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ ከነስሙና ከነሰዓቱ ዳታቤዙ ውስጥ ይመዘግባል። ጸሐፊያችን ሎጉን አውጥታ ሰሌዳው ላይ በቾክ ጻፈችው። የሥነ ምግባር ክበብ አባላት ተጠርተው ጉዳዩ ታየ፤ ልጁ ለአንድ ሴሚስተር ሥልጣኑን ተነጠቀ፣ የጠፋውንም ዕቃ እንዲተካ ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ አስተዳዳሪ የሚጫወትበት ስም ሌላ፣ የሚያዝበት ስም ሌላ ነው፤ የሳምንቱ ትእዛዛትም ዓርብ ዓርብ በሁሉም ፊት ይነበባሉ። ለሌሎች ክበባትም እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በአንደኛው ሴሚስተር ከኋላ ወንበር የማትነሣ፣ ስሟ ሲጠራ ብቻ «አቤት» የምትል የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። ጌሙ ውስጥ ያሉ ገጸ ባሕርያት ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚያወሩ ናቸው። ይህች ልጅ አንድ ቀን ደብተር ይዛ መጣችና አማርኛ የምታወራ አሮጊት መጨመር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ደብተሩን ገልጬ አየሁት። አሮጊቷ ከከተማው ጥግ ረከቦቷን ዘርግታ ቡና ታፈላለች። መንገደኛው ከሰልና ውኃ ያመጣላታል፤ ከዚያ ተቀምጦ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን መጠጣት አለበት። በየመሃሉ መጠበቅ ግድ ነው። ሦስቱን የጨረሰ ይመረቃል፤ በአቦል የተነሣ ባዶ እጁን ይሄዳል። ሽልማቱ ወርቅ አይደለም፤ ምርቃትና ትንሽ የልምድ ነጥብ ነው። ወንዶቹ «ለዚህች ነጥብ ይህን ያህል መጎለት?» ብለው አጉረመረሙ። አልቀየረችውም።

ሥራው ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ አሮጊቷ አፏን ስትከፍት የወጣው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። እኛ ያለን ጃቫ የቆየ በመሆኑ ፊደላችንን እንዲያነብ የየአገሩን ፊደል በሚያውቀው ሥርዓት፣ በዩ ቲ ኤፍ 8፣ አንብብ ተብሎ መታዘዝ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ጃቫ 18 ጀምሮ ነገሩ ሳይታዘዝ ይሠራል። ያ ሲስተካከል ደግሞ ሊኑክስ ባላቸው ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ መጣ፤ አቢሲኒካ የተባለውን ነጻ ፎንት ጫነችላቸው። በመጨረሻ አሮጊቷ «ና፣ ቁጭ በል» ስትል ሴቶቹ ተቆጡ። ልጅቷ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ቀይራ «ኑ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ» አደረገችው።

በወላጆች ቀን እናቷ ከገበያ በቀጥታ መጡ። የኮምፒውተሩን ማውዝ እንዲይዙት ብንለምናቸው «እንዳላበላሽባችሁ» ብለው እጃቸውን በነጠላቸው ሸሸጉ። ስለዚህ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ተጫወተላቸው። እሳቸው ከስክሪኑ ላይ የአሮጊቷን ንግግር ቀስ እያሉ ያነቡ ጀመር፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይቺማ እናቴ ናት! አነጋገሯን ከየት አመጣሽው?» ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ያን ጊዜ ልጁ አቦሉን ጠጥቶ ሊሄድ ተነሣ። አሮጊቷ፣ «ቡና ጥሎ መሄድ ዘንድሮ መጣ!» አለችው። እናትየውም ከስክሪኑ ዞረው ልጁን በእውነት ተቆጡት፤ «ተመለስ እንጂ አንተ! ምን የሚያስቸኩል ነገር አለህ?» ልጁ እየሳቀ መለሰው። ልጅቷ እናቷ አጠገብ ጎንበስ ብላ፣ «እማ፣ አሁን ቢሄድም ነገ ሲመጣ ታስታውሰዋለች፤ በአቦል መነሣቱ ዳታቤዙ ውስጥ ተጽፏል» ስትል ታስረዳቸዋለች። ክፍሉ ሁሉ እየሰማት እንደሆነ የረሳች መሰለኝ። እናትየው፣ «ጽፈሽ ያዥበት!» አሉ።

በሁለተኛው ሴሚስተር የሰርቨሩን ኮድ ለአዲሶቹ አባላት ያስተማረችው እሷ ናት። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ።

ያልተሳካም አለ። መብራት በሄደ ቁጥር ሰርቨሩ እየጻፈ ሳለ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ዳታቤዙ አልከፈትም አለ፤ የልጆቹ የሳምንት ድካም ሄደ። ከዓርብ የተቀዳ ባክአፕ ስለነበረ ሁሉም አልጠፋም። አሁን ዓርብ ዓርብ ሰርቨሩ ቆሞ ፋይሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተርና ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፤ ተረኛው ይፈርማል። አምና ለክበቡ ይሰጣል የተባለው ዩ ፒ ኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ፣ ዛሬ የሚያገለግለው የጽሕፈት ቤቱን ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ፎቶ ኮፒው ያስፈልጋል፣ አልከራከርም። ነገር ግን ትንሽ ዩ ፒ ኤስ የፎቶ ኮፒ ማሽን አይችልም፤ ባትሪው አልቆ ለማንም ሳይሆን ይቀራል።

የወላጅ መምህር ኅብረት በጀት ሲይዝ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰርቨሩን በወጉ ለማጥፋት አሥር ደቂቃ የሚያቆይ አነስተኛ ዩ ፒ ኤስ እንፈልጋለን። ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኝ ባለ 16 ፖርት (ባለ 16 መሰኪያ) ስዊችም ያስፈልገናል፤ ያለን ባለ 8 ሲሆን ሁለቱ ፖርቶች ከሞቱ ቆይተዋል፣ በዚህም የተነሣ ልጆቹ በፈረቃ ይገባሉ። አንድ ጥቅል ኬብልና የአር ጄ 45 ጫፎች ቢጨመሩ ደግሞ መግጠሙን ለእኛ ተዉት።

የዚህ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎችም ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ቤታችሁ ተቀምጦ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ካለ አምጡልን። 2 ጂቢ ራም ካለው ይበቃናል፤ ሞኒተር አያስፈልግም፣ የተረፈ አለን። የምታገኙን ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ነው፤ መብራት ካለ።