ለኮሎኔሏ ልጄ

ይድረስ ለሙሉዬ፤

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ከጠዋት ጀምሮ በርበሬሽን እየነፋች ነው፤ ቤቱ ሁሉ ያስነጥሳል።

ሐሙስ ማታ ስትደውዪ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጦር ሠራዊት ወደ ኤምባሲ፣ ያውም ኒው ዴልሂ! ከዚያ ግን ስለ ሥልጠናው አወራሽኝ። አንዱ ሰውዬ ንግግር ሲያበዛ «ባጭሩ ጨርስ» ብለሽ አስቆምሽው። እየሳቅሽ ነው የነገርሽኝ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ልጄ፣ ሰው ሲናገር አታቋርጪ።

ግንባር ላይ ነገር ማሳጠር ነፍስ ያድናል። ይህን ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። አሁን የምትሄጂበት ሥራ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሰው ዋናውን ነገር የሚያወጣው መጨረሻ ላይ፣ ሻዩ ሲቀዘቅዝ፣ ሊነሳ ሲል ነው። ቀድመሽ ከዘጋሽው ይዞት ይሄዳል።

የአያትሽን ክንድ ታስታውሺያለሽ። ትንሽ ሆነሽ ጠባሳውን እየዳበስሽ «አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» ትያቸው ነበር። «ተከዜ» ብቻ ነበር መልሳቸው። በ1928 ታኅሣሥ ከጎጃም ዘምተው ከራስ እምሩ ጦር ጋር ነበሩ። አይሮፕላኑ በርሜል ጣለ። በርሜሉ ሲሰበር ውኃ የመሰለ ነገር ተረጨ፤ የነካው ሰው ገላ ውኃ ቋጠረ። አባቴ ፊታቸውን በክንዳቸው ስለሸፈኑ ዓይናቸው ተረፈ።

የጣሊያንን ጦርነት አንቺም በትምህርት ታውቂዋለሽ። እኔን የሚገርመኝ የራስ እምሩ የኋላ ሕይወት ነው። ሽሬ ላይ ተሸነፉ። ንጉሡ ሲሰደዱ እንደራሴ ሆነው ጎሬ ወረዱ። በ1929 ታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ጣሊያን አገር ተወስደው ፖንዛ ደሴት ላይ ታሰሩ። በ1935 ሐምሌ ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ በዚያችው ፖንዛ እስረኛ ሆነ! ራስ እምሩ ከተያዙ ጀምሮ አገራቸው እስኪገቡ ሰባት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ዋሽንግተን፣ ቀጥሎ አንቺ የምትሄጂባት ዴልሂ፣ በኋላም ሞስኮ አምባሳደር ሆኑ። በ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁኑ ብለው ስማቸውን አወጁ። ነገሩ ከሸፈ፣ ስንት ሰው አለቀ፤ ራስ እምሩ ግን ተረፉ። ለንጉሡ ዘመድም አብሮ አደግም ናቸው፤ በንጉሡ ላይ የተነሱትም እሳቸውን መረጡ። ይህን ዓይነት እምነት ማዕረግ አያመጣውም። ከየት መጣ ብትይኝ፣ የኔ ግምት ከፖንዛ ነው። የጦር አዛዥ የነበረ ሰው ማንንም ማዘዝ በማይችልበት ደሴት ያን ያህል ዓመት ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አንቺም አልገባሽም። ስለዚህ ሰው ሲናገር አታቋርጪ።

ልጃቸው ዮዲት እምሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት አምባሳደር እንደነበረች ታውቂያለሽ? ዴልሂ ስትደርሺ አስቢያት።

ሳልረሳው፣ ውክልናውን ሳትፈርሚ እንዳትሄጂ። የውክልናው ወረቀት በእጄ ከሌለ የቤቱን ግብር መክፈል አልችልም። የናቲን የልደት ሰርተፍኬት በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፣ ሻንጣ ውስጥ አታስገቢ። ሹራብም ያዢ፤ ዴልሂ ታኅሣሥና ጥር ይበርዳል።

አሁን ለእናትሽ እንኳ በደንብ ያልነገርኳትን ልንገርሽ። በ1971 ሻምበል ሆኜ አውራጃ አስተዳድር ተብዬ ተላክሁ። ሁለት ቀበሌዎች በግጦሽ ተጣሉ። ሰበሰብኳቸው። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱ፤ ስለ አባታቸው ቀይ በሬ ማውራት ጀመሩ። ሰዓቴን አየሁ። «አባት፣ ወደ ጉዳዩ ይግቡ!» አልኩ። ቀጠሉ። ጠረጴዛውን መታሁት። «እሺ ጌታዬ፣ ጨርሻለሁ» ብለው ተቀመጡ። ወሰኑን ባንድ ቀን አስምሬ፣ ሪፖርት ጽፌ፣ ኩራት ተሰማኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ተጋደሉ። ከሞቱት አንዱ የሽማግሌው ልጅ ነበር።

በኋላ ነው የገባኝ። ያ በሬ የታረደው ለዕርቅ ነው። በበጋ አንደኛው ወገን ግጦሹን፣ ሌላው ምንጩን እንዲያካፍል አባቶቻቸው በሥጋው ላይ ተማምለዋል። ሽማግሌው ወደዚያ እየሄዱ ነበር። አምስት ደቂቃ ቢበዛ ነው የቀራቸው።

ለቅሶ ሄድኩ። ከመደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ዝም አሉ። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ፤ ስለ ሕግ፣ ስለ መመሪያ አወራሁ። ያን ቀን እንኳ አልሰማኋቸውም። ዛሬ ሰማንያ አልፌ ድምፃቸው ይመጣብኛል፤ «እሺ ጌታዬ» የምትለዋ።

አልቆጣሁሽም፣ ሙሉዬ። ከኔ የተሻልሽ ወታደር ነሽ። የማዕረግ ልብስሽን የለበስሽ ዕለት ያለቀስኩትን አይተሻል። ግን ሰው ሲናገር አታቋርጪ። ሰውዬውንም ሳትሄጂ ፈልገሽ አግኚው። ይቅርታ ጠይቂው፤ ያን ቀን ሊል የነበረውን እስከ መጨረሻው ይንገርሽ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንጠብቅሻለን። ውክልናውን እንዳትረሺ።

አባትሽ