የላይኛዋን ስልክ ላኪልኝ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጅሽስ? እግር አወጣ ሲሉ ሰማሁ። ለክርስትናው ሳልደውል ቀረሁ። ከዚያ አፈርኩ። ባፈርኩ ቁጥር ቀኑ እየገፋ፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር ስልኩን ማንሳት እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በይኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፎቶውን ግን አይቻለሁ፤ ግንባሩ ቁርጥ አባትሽን ነው። እንዳንቺ እልኸኛ ከሆነ መከራሽን ታያለሽ።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ናፍቆት ብቻ ገፍቶኝ አይደለም፤ አንቺን አልዋሽም። የላይኛዋ፣ ያቺ አብራኝ ትሠራ የነበረችው፣ የስልክ ቁጥሯ አንቺ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። እፈልገዋለሁ። «እሷን ደግሞ ምን ልትያት ነው?» ማለትሽ አይቀርም። ትንሽ ታገሺኝ፤ ነገሩ ከሥራዬ ነው የሚጀምረው።

የመሥሪያ ቤታችን ፋይል ሁሉ በራሳችን ሰርቨር ላይ በጫንነው ኔክስትክላውድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። 140 ያህል ሰው ይጠቀምበታል። እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ሰዉ ለዚህ አንድ ፓስወርድ፣ ለኢሜይሉ ሌላ፣ ለዓመት ፈቃድ መጠየቂያው ደግሞ ሌላ ነበረው። ጠዋት ቢሮ ስገባ የጠፋበት ሰው በሬ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ወረቀት ላይ ጽፎ ኪቦርዱ ሥር የሚያስቀምጥም ሞልቷል። የባሰው ግን ሰው ሲለቅ ነው። ኢሜይሉ ይዘጋል፣ ሌላው በር ክፍት ይቀራል። የሚያስታውሰው የለም።

ስለዚህ ማን ማን እንደሆነ የማጣራቱን ሥራ ከኔክስትክላውድ አውጥቼ ኪክሎክ ለሚባል የመግቢያ ፕሮግራም ሰጠሁት። ኪክሎክ የሠራተኛውን ዝርዝር ኤልዳፕ ከሚባለው የሠራተኞች ማውጫ ያነባል። ሰው ፓስወርዱን የሚሰጠው ለእሱ ብቻ ነው። እሱም «ይህ ሰው እገሌ ነው» የሚል የተፈረመ የማረጋገጫ ወረቀት ዓይነት፣ ቶክን፣ ይሰጣል፤ ኔክስትክላውድ ፊርማውን አይቶ ያስገባል። ፓስወርዱን ጨርሶ አያየውም። አንቺ ከሙያው ወጥተሽ ነርስ ብትሆኚም ይህን ለመረዳት እንደማትቸገሪ አውቃለሁ። 4 ኪሎ የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ታስረጂኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ልንገርሽ፣ ይህ ያስቅሻል። ማንም መግባት አልቻለም። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ኪክሎክ ያልፋል፣ ኔክስትክላውድ ግን ይመልሳል። የመመለሻ አድራሻውን አየሁት፣ አንዲት ሰረዝ እንኳ አልጎደለችም። ሰርተፍኬቱን አየሁ፣ ደህና ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ መዝገቡን መስመር በመስመር ሳነብ «ቶክኑ ጊዜው አልፏል» ይላል። አሁን የወጣ ቶክን እንዴት ጊዜው ያልፋል? ለካስ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የኪክሎኩ ማሽን ሰዓት ተዛብቶ ኖሯል። አንድ ልጅ ሊረዳኝ ብሎ በእጁ ሞልቶታል። ጠዋት 3 ሰዓት ነበር፤ 3 ብሎ ሞላው። ኮምፒውተሩ 9 ሊል ሲገባው 3 አለ። ቶክኑ ዕድሜው 5 ደቂቃ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ 6 ሰዓት ወደኋላ ነው። ገና ሲወጣ ሞቶ ነበር የሚወጣው። ሰዓት የሚያስተካክለውን ፕሮግራም፣ ክሮኒን፣ ጫንኩ፣ ሁለቱም ማሽኖች ሰዓታቸውን ከአንድ ቦታ እንዲወስዱ አደረግኩ፣ በደቂቃ ውስጥ ሰዉ ገባ። ልጁን አልተቆጣሁትም። በእኛ አቆጣጠር ትክክለኛውን ሰዓት ነው የሞላው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሰላም ሆነ። የፓስወርድ ሰልፉ ቀረ። እኔም ሳልደብቅሽ ኮርቼ ነበር።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ቢሮዬ መጣች። ከገባች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሩን ዘጋችና ቆመች። «እህቴ፣ የኔ ያልሆነ ነገር እያየሁ ነው መሰለኝ» አለችኝ። ኮምፒውተሯ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ባዶ መሆን የነበረበት ቦታ በፎልደር ተሞልቷል። የመጀመሪያውን ስም ሳነብ እግሬ ከዳኝ። የላይኛዋ ፋይሎች ናቸው።

እንዴት መሰለሽ? ኪክሎክን ሳገናኝ የሰዉ የድሮ ፋይል እንዳይጠፋ ብዬ መለያውን ኢሜይል አደረግኩት። የድሮው አካውንት ሁሉ በኢሜይል አድራሻ ስለተከፈተ፣ አድራሻው ሲገጥም ሰው የራሱን ፋይል ያገኛል ብዬ ነው። አገኘም። ግን ኢሜይል የሰው መለያ አይደለም፤ ነገ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነገር ነው። የላይኛዋ ስትለቅ ኢሜይሏ ተዘጋ፣ ስሟም ከኤልዳፕ ወጣ። ፋይሎቿ ግን ተረካቢ ስላልነበራቸው ኔክስትክላውድ ውስጥ ቀሩ። ይህቺ አዲስ ልጅ ደግሞ ስሟ ከነአባቷ ያው የእሷ ነው። አያት ላይ ነው የሚለያዩት። ኢሜይል የሚሰጠው ክፍል የሚያውቀው ስምና የአባት ስም ብቻ ነው። ኤልዳፕም ቢሆን የራስ ስምና የቤተሰብ ስም እንጂ ለአያት የሚሆን ቦታ አላዘጋጀልንም። አድራሻው ነፃ ነው፣ ለአዲሷ ተሰጠ። እሷም በራሷ ፓስወርድ፣ በትክክለኛው በር ገብታ የሌላ ሰው ቤት ገባች።

ማንም አልሰበረውም። እኔ ነኝ የከፈትኩት።

አንድ ጊዜ የነገርሽኝን አስታወስኩ። ሆስፒታል ውስጥ ስምና የልደት ቀን ሁለቱንም ሳትጠይቁ መድኃኒት አትሰጡም። ያን ጊዜ «የምታውቂውን በሽተኛም ትጠይቂዋለሽ?» ብዬሽ ነበር። «በየቀኑ» አልሽኝ። ያ ቃል ከማክሰኞ ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም።

የዚያኑ ዕለት ቀጥዬ ያደረግኩትን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሎግ ኢኑን ዘጋሁ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት በኪክሎክ የማታልፍ አንዲት የአስተዳዳሪ አካውንት አለች፤ ፓስወርዷ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ነው። በእሷ ገባሁና የላይኛዋን አካውንት አገድኩ፤ ፋይሎቹ እንዳሉ ናቸው። ከዚያ ሌሊቱን መለያውን ቀየርኩ። ኤልዳፕ ላይ አንድ አዲስ መስክ ጨመርኩ። ለነባር ሠራተኞች የድሮውን ኢሜይላቸውን እዚያ ገልብጬ አደረቅሁት። ከእንግዲህ ኢሜይላቸው ቢቀየርም ያ አይቀየርም፣ ስለዚህ የማንም ፋይል መንቀሳቀስ አላስፈለገውም። ለአዲስ ገቢ የሠራተኛ ቁጥሩን ነው የምሞላው። ያ ቁጥር ሰው ቢለቅም ለሌላ አይሰጥም። ሊነጋ ሲል ነው ሌላው ነገር የታየኝ። ያንን መስክ ሠራተኛው በኪክሎክ የራሱ ገጽ ላይ ማስተካከል ቢችልስ? የአለቃውን ጽፎ አለቃውን ሆኖ ሊገባ ነው! ከአስተዳዳሪ በቀር ማንም እንዳይነካው አድርጌ ዘጋሁት። ያን ሌሊት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አለቃዬ በማግስቱ የፋይዳን ቁጥር እንጠቀም አለኝ። አይደገምም፣ 12 አሃዝ ነው፣ እውነቱን ነው። አልተቀበልኩትም። ይህ መለያ ሰርቨሩ ላይ የፎልደር ስም ይሆናል፣ በየመዝገቡም ይጻፋል። የሰው የመታወቂያ ቁጥር እንደዚያ ተበትኖ ማየት አልፈልግም። በዚህ ተስማማን። ያልተስማማነው በሌላው ነው።

የክትትል መዝገቡን አየሁት። አዲሷ ልጅ ሁለት ፋይል ከፍታለች። አንዱ የሥራ ሪፖርት ነው። ሁለተኛው የሐኪም ደብዳቤ ነው። እኔ አልከፈትኩትም፣ ከርዕሱ ነው ያወቅኩት። ልጅቷ ራሷ ናት የነገረችኝ፦ «የኔ ስም ስላለበት የኔ መስሎኝ ነው የከፈትኩት፣ አንድ መስመር አንብቤ ዘጋሁት» አለች። አለቀሰች። አምናታለሁ። ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?

አለቃዬ «ተዘግቷል አይደል? ተይው፣ የለቀቀ ሰው ማስጨነቅ ነው» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ነገሩ እንዲረሳ ብቻ ነው የሚፈልገው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 1321/2016ን፣ አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበዋለሁ ብሏል። እኔን ግን አዋጁ ብቻ አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ። ያ ደብዳቤ የተጻፈበትን ወር አይቻለሁ። እኔና እሷ የተጣላንበት ወር ነው። ታስታውሺያለሽ፣ በየቀኑ እያረፈደች፣ ሥራዋን እኔ እየሸፈንኩ፣ በመጨረሻ ሰው ፊት የተናገርኳትን። አንቺ «ትንሽ ታገሻት» ብለሽኝ ነበር። ታውቂ ነበር እንዴ? እንዳትመልሺልኝ። ወይም... አላውቅም። ነግራሽ ከሆነ ያቺው ምስጢር የእሷ ናት፤ አንቺም ጠብቀሽላታል።

እኔ የማውቀው ይህን ነው። የሷን የግል ነገር የማታውቃት ሴት አይታዋለች፤ ያየችው እኔ ባበላሸሁት ምክንያት ነው፤ ባለቤቷ ደግሞ አታውቅም። ሆስፒታል ውስጥ የአንዱ በሽተኛ ወረቀት ለሌላው ቢሰጥ ምን ታደርጋላችሁ? በሽተኛውን ትነግሩታላችሁ አይደል? እንዴት ነው የምትጀምሩት? ቁጭ በል ብላችሁ ነው ወይስ በቀጥታ? እሱን ንገሪኝ። ቃል አጥቻለሁ። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀደድኩት። ሁልጊዜ ስለ ኪክሎክ ማብራራት እጀምራለሁ፣ እሷ ግን ስለ ኪክሎክ ምን አገባት?

ፋይሎቿን በፍላሽ ገልብጬላታለሁ፤ በፖስታ ታሽጓል። አድራሻዋን ስትነግረኝ እጇ ላይ አደርሳለሁ። ከተቀበለች በኋላ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፊት ለፊቷ ላጥፋላት ብዬ አስቤያለሁ።

መጀመሪያ አንቺ ደውለሽ ብታለሳልሽልኝ ብዬ ነበር። አይ፣ ተይው። ከኔ አፍ ነው መስማት ያለባት። ያንቺ ሥራ ስልኩን መላክ ብቻ ይሁን። የድሮው ቁጥሯ አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ።

የሌሊት ተራ ላይ እንደሆንሽ ልጅሽን የያዘችው እናትሽ ነግራኛለች። አዎ፣ ለእሷ ደወልኩ፣ ላንቺ ለመደወል ድፍረት ሳጣ። እረፍት ስታገኚ ላኪልኝ። እኛ ጋ ምንም ሰዓት ይሁን፣ ስልኬን አልዘጋም።

ያንቺው